ዕፅዋት የውስጥ ሚዛናቸውን የሚጠብቁበትና ጽዳጃቸውን የሚያስወግዱበት መንገድ

ዕፅዋት እንደ እንስሳት ኩላሊት፣ ሳንባም ሆነ የላብ ዕጢ የላቸውም። ሆኖም በሕዋሳቸው ውስጥ የሚገኘውን የውኃ፣ የጨውና የአየር መጠን በተወሰነ ወሰን ውስጥ ካልጠበቁ በሕይወት ሊቆዩ አይችሉም። ከበቀሉበት ስፍራ መንቀሳቀስ የማይችሉ በመሆናቸውም ድርቅ፣ የውኃ መተኛት ወይም ጨዋማነት ሲያጋጥማቸው ባሉበት ሆነው ከመቋቋም በቀር አማራጭ የላቸውም። በማሳ ላይ የሚታየው መጠውለግ፣ ቢጫ መሆንና የቅጠል ጠርዝ መቃጠል ብዙውን ጊዜ የዚህ ሚዛን መዛባት ምልክት ነው። መንስኤውን ሳይለዩ ማዳበሪያ መጨመር ወይም ፀረ ተባይ መርጨት ወጪን ከማብዛት አልፎ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

እንስሳት ከሚመገቡት ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በሽንት መልክ ያስወግዳሉ። ዕፅዋት ግን ፕሮቲናቸውን እንደየፍላጎታቸው ራሳቸው ስለሚያዘጋጁና ናይትሮጅኑንም ደግመው ስለሚጠቀሙበት የሚወገደው እጅግ ጥቂት ነው። ቅጠል ከመርገፉ በፊት ቢጫ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተክሉ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ከቅጠሉ እየሳበ ወደ ግንዱና ወደ ዘሩ ይመልሳል። ካልሲየምና በቅጠሉ የተጠራቀሙ ልዩ ልዩ ጨዎች ግን ከቅጠሉ ጋር አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ የቅጠል መርገፍ ጽዳጅ ከሚወገድባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ ቅጠል አርጋፊ ዛፎች በበጋ ሲያራግፉ፣ ገርቢ የተባለው የግራር ዘመድ በተቃራኒው በክረምት ያራግፋል፤ አርሶ አደሮች ከሥሩ እህል መዝራት የሚወዱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የውኃና የአየር ልውውጥ

ቅጠል ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ በርካታ ቀዳዳዎች፣ ማለትም ስቶማታ፣ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ቀዳዳ በሁለት ዘብ ሕዋሳት የተከበበ ነው። ዘብ ሕዋሳቱ ፖታሲየምን ወደ ውስጣቸው ሲያስገቡ ውኃ ተከትሎ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ይወጠሩና ቀዳዳው ይከፈታል። ፖታሲየሙ ሲወጣ ይላላሉ፤ ቀዳዳውም ይዘጋል። ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ ኦክስጅንና የውኃ ተን የሚወጡት በአብዛኛው በዚህ በር ነው። ኦክስጅን ለሰው ልጅ እስትንፋስ ቢሆንም ለተክሉ ግን የብርሃን አስተጻምሮ ትርፍ ነው። ሥር ከሚስበው ውኃ ውስጥ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚሆነው በትነት መልክ ወደ አየር ይመለሳል። ይህ ብክነት ቢመስልም ቅጠልን የሚያቀዘቅዘውና ማዕድናትን ከሥር ወደ ላይ የሚስበው እሱ ነው።

ተክል አፈሩ ሲደርቅ ከሥሩ በሚነሣ የኬሚካል መልእክት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ውኃውን ያድናል፤ ነገር ግን ምግብ ማዘጋጀቱም አብሮ ይቀንሳል። የምርት መቀነስ የሚጀምረው ተክሉ ሳይደርቅ ገና ቀደም ብሎ የሆነው ለዚህ ነው። ሬትና የበለስ ቁልቋል ይህን ችግር በሌላ ዘዴ ያቃልሉታል፦ ቀዳዳዎቻቸውን በሌሊት ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአሲድ መልክ ያጠራቅማሉ፤ ቀን ላይ ዘግተው ይጠቀሙበታል።

ማለዳ በገብስ ወይም በስንዴ ቅጠል ጫፍ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ሁልጊዜ ጤዛ አይደለም። ትነት በሌለበት እርጥብ ሌሊት በሥር ግፊት ተገፍቶ በቅጠሉ ጫፍ የሚወጣ የተክሉ የራሱ ውኃ ሊሆን ይችላል።

በውስጥ የሚከማች ጽዳጅ

ወደ ውጭ ሊወጣ የማይችለውን ጽዳጅ ተክል በሕዋሱ ውስጥ በሚገኘው ቫኪዩል በተባለ ከረጢት፣ በቅርፊቱ ወይም በሞተው የግንዱ እንጨት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ትርፍ ካልሲየም ከኦክሳሊክ አሲድ ጋር ተጣምሮ ጠጣር ብልጭልጭታ ይሆናል፤ ጎደሬ በደንብ ሳይበስል ሲበላ ጉሮሮን የሚያሳክከው እነዚህ መርፌ መሰል ብልጭልጭታዎች በመኖራቸው ነው። የቡና ካፌይን፣ የትምባሆ ኒኮቲንና የዛፍ ቅርፊት ታኒንም በዚሁ መልክ ይከማቻሉ። እነዚህን ሁሉ ጽዳጅ ብሎ መጥራት የቆየ የመማሪያ መጻሕፍት ልማድ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም፤ አብዛኞቹ ተክሉን ከነፍሳትና ከግጦሽ የሚከላከሉ ናቸውና። በትግራይ፣ በመተማ፣ በቋራና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከሚበቅለው የእጣን ዛፍ የሚፈሰው እጣንም የዛፉ ቁስል መሸፈኛ ነው። ዛፉ እጣኑን የሚያዘጋጀው ለዕድገቱና ለፍሬው ከሚያስፈልገው ስኳር ቀንሶ በመሆኑ፣ ያለ ዕረፍት የሚደማ ዛፍ የሚሰጠው ጤናማ ዘር ያነሰ ነው።

ውኃ ሲተኛና ጨው ሲበዛ

ሥርም ይተነፍሳል። በመረሬ አፈር ላይ ውኃ ሲተኛ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የነበረው አየር ይወጣና ሥሩ ኦክስጅን ያጣል፤ በዚህም ምክንያት ወደ መብላላት ዞሮ አልኮልና አሲድ ያመነጫል። የተጎዳ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውኃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። ይህን ያየ ገበሬ ውኃ አነሰው ብሎ ሊያስብ፣ ቅጠሉም ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያ ሊጨምር ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ውኃውን ማንጣፈፍ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ አርሶ አደሮች በእጃቸው ሰፋፊ መደብና ቦይ የማውጣት ነባር ልምድ አላቸው። ጤፍ ከስንዴና ከምስር ይልቅ የውኃ መተኛትን ይታገሣል።

ጨው የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ገጽ አለው። በመጀመሪያ የአፈሩ ውኃ ከሥሩ ውስጥ ካለው ይልቅ ጨዋማ ሲሆን ውኃው ወደ ተክሉ መግባቱን ይቀንሳል፤ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠማል። ቀጥሎ ሶዲየምና ክሎራይድ በቅጠል ውስጥ ተጠራቅመው የአሮጌ ቅጠሎችን ጫፍና ጠርዝ ያቃጥላሉ። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ አካባቢ እንደታየው፣ በቂ ማንጣፈፊያ በሌለበት መስኖ ማጠጣት የከርሰ ምድር ውኃን ከፍ ያደርገዋል፤ ውኃው ሲተን ጨዉ በገጸ ምድር ይቀራል።

ተክሎች ጨውን የሚቋቋሙበት አቅም እጅግ ይለያያል። የአፈር ጨዋማነት በሜትር 4 ዴሲሲመንስ ሲደርስ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። የቦሎቄ ምርት ግን ከ1 ጀምሮ፣ የሽንኩርት ከ1.2፣ የበቆሎ ከ1.7 ጀምሮ ይቀንሳል፤ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ድረስ ይታገሣሉ። ሮደስ የተባለው የመኖ ሣር በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ጨውን ወደ ውጭ ያስወጣል፤ በደረቅ ጊዜ ቅጠሉ ላይ ነጭ ብናኝ ቢታይ በሽታ ነው ተብሎ መረጨት የለበትም።

ምልክቶቹን መለየትና ምርመራ መጠየቅ

በቀትር ጠውልጎ ምሽት ላይ የሚያገግም ተክል በአብዛኛው ጤናማ ነው። ማለዳም እንደጠወለገ ከተገኘ አፈሩ እስከ ሥሩ ጥልቀት ድረስ ተቆፍሮ ይታይ፦ ደረቅ ከሆነ የውኃ እጥረት፣ ርጥብና መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ የውኃ መተኛት፣ ርጥብ ሆኖ ነጭ ቅርፊት ካለው ጨዋማነት ሊጠረጠር ይገባል።

የአፈር ምርመራ የሚፈልግ አርሶ አደር ወይም ባለሀብት በቅድሚያ የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ያነጋግራል። ናሙናው ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታዎች ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተወስዶ ከተቀላቀለ በኋላ 1 ኪሎ ግራም ያህሉ በንጹሕ ከረጢት ይቀርባል። ማዳበሪያ በተቀመጠበት ጆንያ ናሙና መያዝ ውጤቱን ስለሚያዛባ አይፈቀድም። ጉዳት የደረሰበትና ያልደረሰበት የማሳ ክፍል ናሙናዎች ለየብቻ ተይዘው፣ የማሳው ቦታ፣ የተዘራው ሰብልና የመስኖው ምንጭ በላያቸው ሊጻፍ ይገባል።