አንዲት የተረከዝ ጠብታ፦ የጨቅላ ሕፃናት የልየታ ምርመራ ታሪክ ከድሬዳዋ አንጻር

በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. (በዲሴምበር 1902 እ.ኤ.አ.) እርስ በርሳቸው ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው ሁለት ነገሮች ተፈጸሙ፡፡ አንደኛው፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ቀርቶ ከተራራው ግርጌ መድረሱና የድሬዳዋ ከተማ መቆርቆር ነው፡፡ ሁለተኛው፣ አርቺባልድ ጋሮድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አልካፕቶኑሪያ ስለሚባለው ሕመም የጻፈው ጥናት "ላንሴት" በተሰኘው የለንደን የሕክምና መጽሔት መውጣቱ ነው፡፡ ባቡሩ ከተማን ወለደ፤ ጽሑፉ ደግሞ ከወላጅ ስለሚወረስ የኬሚካል ጉድለት የሚያጠናውን ሕክምና ወለደ፡፡ ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያውም በጎን በር ነው፡፡

ጋሮድ ያስተዋለው ነገር በመጀመሪያ ሲታይ ተራ ይመስላል፡፡ የአንዳንድ ሕፃናት ሽንት አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ይህም ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክ የማይለወጥ ነው፡፡ የበሽተኞቹን ቤተሰብ ሲመረምር ብዙዎቹ ወላጆች የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ሆነው አገኛቸው፡፡ የሜንዴል የውርስ ሕግ ከተረሳበት የተነሣው ገና በ1900 እ.ኤ.አ. ስለነበር፣ ዊልያም ቤትሰን የተባለው ሊቅ የጋሮድን መረጃ ተመልክቶ ጉድለቱ ከሁለቱም ወላጆች ካልመጣ በስተቀር የማይገለጥ መሆኑን አስረዳ፡፡ በአገራችን ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት የተለመደበት ማኅበረሰብ እንዳለ ሁሉ፣ እንደ አፋሮቹ አብሱማ የዘመድ ጋብቻ የተከበረ ሥርዓት የሆነበትም አለ፡፡ ድሬዳዋ ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ልማድ ያላቸው ቤተሰቦች በአንድ የወሊድ ክፍል የሚገናኙባት ከተማ ናት፡፡ ስለዚህ የወላጆችን ዝምድና መጠየቅ የሕክምና ታሪክ አወሳሰድ አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባል፤ አጠያየቁ ግን ነቀፋ ያዘለ ከሆነ እውነተኛ መልስ አይገኝም፡፡

ከጋሮድ በኋላ ሠላሳ ዓመታት ያህል ጉዳዩ የሊቃውንት ጨዋታ ሆኖ ቆየ፡፡ ወደ ሕክምና ያመጣችው አንዲት ኖርዌያዊት እናት ናት፡፡ ቦርግኒ ኤግላን የተባለችው ይህች ሴት አእምሯቸው ያልዳበረ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ የልጆቿ ሽንት ለምን እንግዳ ሽታ እንዳለው ከሐኪም ሐኪም እየሄደች ስትጠይቅ ኖረች፡፡ በ1934 እ.ኤ.አ. አስብዮርን ፎሊንግ የተባለ ሐኪም ሽንቱ ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ቢጨምርበት አረንጓዴ ሆነ፡፡ ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለው ሕመም የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው፡፡ ሕፃኑ ፌኒልአላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል የሚለውጠው ኢንዛይም ስለሚጎድለው፣ የሚጠባው የእናቱ ወተት እንኳ ሳይቀር አንጎሉን ይጎዳል፡፡ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ሆርስት ቢከልና ባልደረቦቹ ይህ ንጥረ ነገር የተቀነሰበት ምግብ አዘጋጅተው ለአንዲት ሕፃን ሲሰጧት ተሻላት፤ የደረሰው ጉዳት ግን አልተመለሰም፡፡ ምግቡ የሚጠቅመው ከጉዳቱ በፊት ከተጀመረ ነው፤ ከጉዳቱ በፊት ደግሞ ሕፃኑ ፍጹም ጤነኛ ይመስላል፡፡ ምልክት ተመልክቶ ለማከም የሠለጠነ ሐኪም በዚህ ፊት ምንም አቅም የለውም፡፡

መላውን ያገኘው በአሜሪካ በበፋሎ ከተማ ይሠራ የነበረው ሮበርት ጋትሪ ነው፡፡ ጋትሪ የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበር፤ የገዛ ልጁ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረበት፣ የሚስቱ እኅት ልጅ ደግሞ ፌኒልኬቶኑሪያ እንዳለባት የታወቀው ከዓመት በላይ ከሆናት በኋላ ነው፡፡ ምርመራው በደም ውስጥ ፌኒልአላኒን ሲበዛ ብቻ በሚያድግ ባክቴሪያ ላይ የተመሠረተ ነበር፡፡ በእኔ አስተያየት ግን የጋትሪ ትልቁ ሥራ ባክቴሪያው ሳይሆን ወረቀቱ ነው፡፡ የሕፃኑ ተረከዝ ተወግቶ የሚወጣው ደም በወፍራም ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፣ ይደርቃል፣ በፖስታ ይላካል፡፡ ቀዝቃዛ ሣጥን አያስፈልገውም፤ መርፌና ብልቃጥ አያስፈልገውም፤ ላቦራቶሪው በሌላ ከተማ ቢሆንም ግድ የለም፡፡ እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ድረስ በ29 የአሜሪካ ግዛቶች 400,000 ያህል ሕፃናት ተመርምረው 39 በሽተኞች ተገኙ፤ የማሳቹሴትስ ግዛትም ምርመራውን በዚያው ዓመት በሕግ ግዴታ አደረገች፡፡ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው ታንደም ማስ ስፔክትሮሜትሪ የተባለው መሣሪያ ከዚያችው ጠብታ በርካታ ሕመሞችን በአንድ ጊዜ ለመለየት አስችሏል፡፡

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ሌላ ሕመም ነው፡፡ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳ በኩቤክ ግዛት ዣን ዱሶ የተባለ ሐኪም በዚሁ ወረቀት ላይ የታይሮይድን ሆርሞን መለካት ጀመረ፡፡ ከልደት ጀምሮ የሚታይ የታይሮይድ ዕጢ መድከም ከሚወለዱ 2,000 እስከ 4,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይደርሳል፤ ከፊሉ በውርስ የሚመጣ ነው፡፡ ሕክምናው በየቀኑ የሚዋጥ ርካሽ እንክብል ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ መጀመር አለበት፡፡ በአገራችንም ይህ ያልታሰበበት ጉዳይ አይደለም፡፡ ዶክተር የወይንሐረግ ፈለቀና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ጨቅላ ሕፃናት ላይ ያደረጉት የታይሮይድ ልየታ ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ታትሟል፡፡ ይሁንና ጥናቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ ዘወትር አገልግሎት አልተሸጋገረም፡፡

የታይሮይድ ነገር በኢትዮጵያ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው እንቅርት ነው፡፡ አዮዲን የተጨመረበት ጨው በአመዛኙ ከኤርትራ ወደቦች ይመጣ ስለነበር፣ በ1990 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት መንገዱን ሲዘጋ ገበያው አዮዲን በሌለው የአፋር ጨው ተሞላ፡፡ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አገር አቀፍ ጥናት በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ከመቶ 40 ገደማ እንቅርት አግኝቷል፡፡ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2003 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ አዮዲን ያለው ጨው የሚገኝባቸው ቤቶች በ2011 እ.ኤ.አ. ከነበሩበት ከመቶ 15 በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 89 ደረሱ፡፡ ትልቅ እመርታ ነው፡፡ ሆኖም ዕጢው ጨርሶ ሳይፈጠር ለተወለደ ሕፃን ጨው አይደርስለትም፤ እርሱን የሚያገኘው ምርመራ ብቻ ነው፡፡

የጋትሪ ወረቀት ድሬዳዋ የደረሰው በሌላ በሽታ ምክንያት ነው፡፡ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) ቫይረሱ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ ሕፃናትን ቶሎ ለመለየት በአገራችን የደረቀ ደም ናሙና መውሰድ ተጀመረ፡፡ ዲ.ቢ.ኤስ. እያልን የምንጠራው ይኸው ነው፡፡ አዋላጅዋም ሆነች ነርሷ ተረከዝ ማሞቅን፣ በጎንና በጎን መውጋትን፣ ክቡን በአንድ ጠብታ መሙላትን፣ ከፀሐይና ከአቧራ አርቆ ማድረቅን ተምረዋል፡፡ የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎትም ናሙና ማመላለስን ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል፡፡ በአጭሩ፣ ጋትሪ ለፌኒልኬቶኑሪያ የዘረጋው መንገድ እኛ ዘንድ ለኤች.አይ.ቪ. ተዘርግቶ ይገኛል፡፡ ችግሩ የጊዜ ነው፡፡ የኤች.አይ.ቪ. ናሙና የሚወሰደው በተለምዶ በስድስተኛው ሳምንት፣ ከክትባቱ ጋር ነው፡፡ የታይሮይድ ሕክምና መጀመሪያ ቀነ ገደብ ግን በዚያን ጊዜ ካለፈ ወር ሊሞላው ነው፡፡ በሌላ በኩል በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው ሆርሞን በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል፣ ናሙናው በ24 ሰዓት ውስጥ ከተወሰደ ጤነኛው ሕፃን ሁሉ በሽተኛ መስሎ ይታያል፡፡ የሚመረጠው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ እናትየዋ ወደ ቤቷ ገብታ ገንፎዋን እየበላች ነው፡፡

ድሬዳዋን ለብቻዋ የሚመለከት አንድ ሌላ የውርስ ጉድለት አለ፡፡ በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኢሊኖይ እስር ቤት ፕሪማኩዊን የተባለው የወባ መድኃኒት በእስረኞች ላይ ሲሞከር (የዚያ ሙከራ ሥነ ምግባር ዛሬም ያከራክራል)፣ የአንዳንዶቹ ቀይ የደም ሕዋስ የተሰባበረው ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ስለጎደላቸው መሆኑ ታወቀ፡፡ ጉድለቱ በኤክስ ክሮሞሶም ስለሚወረስ ወንድ ልጅ ከእናቱ ይወስደዋል፡፡ በጨቅላነት ኃይለኛ ቢጫነት ያመጣል፤ ቢጫነቱ በጊዜ ካልታከመ አንጎልን ይጎዳል፡፡ የጠዋት ፀሐይ ማሞቅም የፎቶቴራፒን ቦታ አይተካም፡፡ በልብስ ሣጥን የሚቀመጥ ናፍታሊን፣ በሕፃን ቆዳ ላይ የሚቀባ ሂና፣ ከፍ ሲልም ባቄላና ፉል ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ፡፡ ሂና የደስታ ምልክት በሆነባትና ፉል የዘወትር ቁርስ በሆነባት ከተማ ይህን ለእናቶች መንገር መሣሪያ አይጠይቅም፡፡

በኢትዮጵያ ይህ ጉድለት በብዛት የተገኘው በጋምቤላ ሲሆን፣ በደጋው ሕዝብ ዘንድ አነስተኛ ነው፡፡ የዓለም የጤና ድርጅት የጥናት ቡድን በ1989 እ.ኤ.አ. እንደመከረው፣ ከወንዶች መካከል ከመቶ 3 እስከ 5 ወይም ከዚያ በላይ ጉድለቱ በሚገኝበት ሕዝብ ጨቅላዎችን ሁሉ መመርመር ይገባል፡፡ ድሬዳዋ ግን የብዙ ሕዝብ መገናኛ ስለሆነች በአገር አቀፍ አማካይ ብቻ ልትለካ አትችልም፡፡ በዚህ ላይ ወባው አለ፡፡ በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሐር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ትንኝ በከተማ በርሜልና ታንከር ውኃ ትራባለች፤ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ በተነሣው ወረርሽኝም ድርሻዋ በጥናት ተረጋግጧል፡፡ ያ ወረርሽኝ የፋልሲፓረም ነበር፤ ቫይቫክስም ግን በአገራችን አለ፡፡ ቫይቫክስን ከጉበት ነቅሎ ለማውጣት ፕሪማኩዊን ያስፈልጋል፤ የልጁ ጂ6ፒዲ ሁኔታ ደግሞ በካርዱ ላይ ከልደቱ ጀምሮ ተጽፎ ቢገኝ የሐኪሙ ሥራ ይቀላል፡፡

ከቀን አቆጣጠሩ ችግር መውጫ የሚሆነው የእትብት ደም ነው፡፡ ቲ.ኤስ.ኤች.ም ጂ6ፒዲም ከእትብት ደም ሊለኩ ይችላሉ፤ በተቋም የሚወልዱ እናቶችም በአገር አቀፍ ደረጃ በ2005 እ.ኤ.አ. ከነበሩት ከመቶ 5 በ2019 እ.ኤ.አ. 48 ደርሰዋል፡፡ ፌኒልኬቶኑሪያ ግን በዚህ መንገድ አይገኝም፤ በማሕፀን ሳለ የእናቱ አካል ፌኒልአላኒኑን ስለሚያጸዳለት እትብቱ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፡፡ ስለዚህ በድሬዳዋ የሚጀመር ምርመራ ቢኖር ከታይሮይድና ከጂ6ፒዲ ቢነሣ ይበጃል፡፡ ከላቦራቶሪው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሕፃኑን መልሶ ማግኘት ነው፡፡ ብዙ እናቶች የአራስነት ጊዜያቸውን በእናታቸው ቤት ያሳልፋሉ፤ ቤቱም በሐረርጌ ገጠር ሊሆን ይችላል፡፡ በወረቀቱ ጥግ ላይ ከእናትየዋ ስልክ ሌላ የአያትየዋም ስልክ፣ ወይም በቀበሌው የምትገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስም ይጻፍበት፡፡