ዜና ቨርጂል ወልደ ስፓርዳ

በጃፓን አገር፣ በኦሳካ ከተማ፣ ካፕኮም የሚባሉ የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎች አሉ። በፈረንጆች 2001 ዓመት «ዴቪል ሜይ ክራይ» ብለው የዳንቴን ታሪክ ጀመሩ፤ በ2005 ዓመትም ሂዴአኪ ኢትሱኖ በመራው በሦስተኛው ክፍል የመንታ ወንድሙን የቨርጂልን ነገር ገለጡ። እኛም ከሥሩ እንናገራለን።

ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ስፓርዳ የሚባል የአጋንንት የጦር አለቃ ነበረ። ጌታው ሙንዱስ የሰውን ዓለም ሊገዛ በተነሣ ጊዜ ለሰዎች ራርቶ ሸፈተ፤ ድል አድርጎም የአጋንንትን አገር በር ዘጋ። ከብዙ ዘመንም በኋላ ኢቫ የምትባል ሴት አገባ፤ መንታ ወንዶች ልጆችም ወለደችለት። ዳንቴ ሪቤልየን የተባለውን ሰይፍ፣ ቨርጂል ያማቶን ወረሱ። ከእናታቸውም አንዳንድ አሸንክታብ ነበራቸው፤ ሁለቱ ሲገጥሙ የዚያ በር መክፈቻ ይሆኑ ነበር።

ስፓርዳ ከጠፋ በኋላ አጋንንት ቤቱን ወረሩ። ኢቫ ዳንቴን ሸሽጋ ቨርጂልን ልትፈልግ ወጣች፤ በዚያም ተገደለች። ቨርጂል ግን ይህን አላወቀም፤ እናቴ ወንድሜን መርጣ እኔን ጣለችኝ ብሎ አዘነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የአባቱን ኃይል ከመሻት በቀር ሌላ ምኞት አልነበረውም።

በዚያም ወራት አርካም የሚባል፣ ለሥልጣን ሲል ሚስቱን የሠዋ ሰው ነበረ። ቨርጂል ከእርሱ ጋር መክሮ ቴመን ኒ ግሩ የሚባለውን ግንብ ከከተማው መካከል አስነሣ። ዳንቴም ወጣ፤ በግንቡ ራስ ላይ በዝናብ ተጋጠሙ። ያን ቀን ድሉ የቨርጂል ሆነ፤ ወንድሙን በገዛ ሰይፉ ወግቶ አሸንክታቡን ነጥቆ ወረደ። በሩ ግን እምቢ አለው፤ ከስፓርዳ ደም ሌላ በአርካም ልጅ ሥር የሚሮጠው ደም ያስፈልግ ነበርና። አርካምም ይህን ያውቅ ነበር፤ ወንድማማቾቹ ተዋግተው እስኪዝሉ ጠብቆ የልጁን ደም አፈሰሰና የስፓርዳን ኃይል ለራሱ ወሰደ። ኃይሉን ግን አልቻለውም፤ መልኩ ፈረሰ። ያን ጊዜ ሁለቱ ተባብረው ጣሉት። ድል አደረጉ፤ ነገር ግን አልታረቁም። በአጋንንት አገር ደጃፍ ዳግመኛ ተዋጉ፤ ቨርጂልም ተሸነፈ። ወደ ገደሉ ሲወድቅ ዳንቴ እጁን ቢዘረጋለት መዳፉን በያማቶ ሠነጠቀው፤ የራሱን አሸንክታብ ጨብጦ ወደ ጥልቁ ገባ።

በታችም ሙንዱስን ቈስሎ ሳለ ገጠመው፤ ተሸነፈም። ሙንዱስ ጥሩር አልብሶ፣ ኔሎ አንጄሎ ብሎ ሎሌው አደረገው። ለማንም ላለመንበርከክ ኃይልን የሻተ ሰው የአባቱን ጠላት አገለገለ። በማሌት ደሴትም ከዳንቴ ጋር ሦስት ጊዜ ተዋጋ፤ በሦስተኛው ወደቀ። ዳንቴም ወንድሙ መሆኑን ያወቀው ከወደቀ በኋላ በአሸንክታቡ ነው።

በ2019 በወጣው በአምስተኛው ክፍል ቨርጂል ሥጋው እየፈራረሰ ተመለሰ። ኔሮ የሚባለውን ጎልማሳ ክንዱን ቈርጦ በእርሱ ዘንድ የነበረውን ያማቶን ወሰደ፤ ልጁ መሆኑን ግን አላወቀም። በያማቶም ራሱን ለሁለት ከፈለ፤ ሰውነቱ ቪ፣ ጋኔንነቱ ዩሪዘን ተባለ። ዩሪዘን በሬድ ግሬቭ ከተማ ክሊፎት የሚባለውን ዛፍ አበቀለ፤ ዛፉ የሰው ደም እየጠጣ አፈራ። ፍሬውንም በላ፤ ሆኖም ዳንቴ ድል ነሣው። ኃይል ባገኘ ቍጥር የከፈለው ዋጋ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ወንድሙን፣ ከዚያ ነፃነቱን፣ ከዚያ የልጁን ክንድ፣ በመጨረሻም ሰውነቱን። ዳንቴ ግን ሳይመኘው በረታ።

ሁለቱ ወገኖች ተዋሕደው ቨርጂል በተነሣ ጊዜ ወንድማማቾቹ ሊገዳደሉ ሰይፍ መዘዙ። ኔሮም መካከላቸው ገባ፤ አባቱንም ረታው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች የዛፉን ሥር ሊቈርጡ አብረው ወደ አጋንንት አገር ወረዱ። በዚያም ፋታ ባገኙ ጊዜ እየተፋለሙ ማን ብዙ ጊዜ እንዳሸነፈ ይቈጥራሉ፤ በቍጥሩም እስከ ዛሬ አልተስማሙም።