ከአንድ ዓለት ወደ ብዙ መስታወት፦ ለላስታ ተራሮች የሚሆን የቴሌስኮፕ ታሪክ



ላሊበላ ሲነሣ ሁላችን ቤተ ጊዮርጊስን እናስባለን፤ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ፣ መጋጠሚያ የሌለው ሕንፃ። ዛሬ የማነሣው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ትናንሽ መስታወቶች ተጋጥመው እንደ አንድ የሚሠሩበት ታሪክ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ርእስ ያነሣሣኝ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ነው። በ2015 በእንጦጦ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቁ። ለሚቀጥለው፣ ለሚበልጠው ቴሌስኮፕ የታሰበው ቦታ የላሊበላ ተራራማ አካባቢ ነበር። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ በመሆኑም የሁለቱንም ንፍቀ ክበብ ከዋክብት ያሳያል። ትልቁ ቴሌስኮፕ ግን ገና አልቆመም። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ምን ዓይነት መስታወት እንመኝለት?

የመስታወት ስፋት አራት እጥፍ ሲያድግ የሚሰበስበው ብርሃን አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ወጥ መስታወት በሰፋ ቁጥር ክብደቱ ከስፋቱ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ በገዛ ክብደቱም ይለመጣል።

ከዚህ መውጫ ያገኘው ባለጸጋ አልነበረም። የቦሎኛው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጉዊዶ ሆርን ዳርቱሮ ለትልቅ መስታወት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው በ1932 ከትናንሽ ቁራጮች አንድ ለመሥራት ሐሳብ አቀረበ፤ በ1935ም የአንድ ሜትር ሙከራውን ሠራ። በዚያው ዓመት የአገሩ መንግሥት ኢትዮጵያን ወረረ። በ1938 ደግሞ ያው መንግሥት ሊቁን አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው አባረረው። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ በ1952 ከ61 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች የተገጠመ፣ 1.8 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ፈጸመ። እያንዳንዱ ቁራጭ በብሎኖች በእጅ ይስተካከል ነበር።

በእጅ የተጀመረው ማስተካከል በሃዋይ በኬክ ቴሌስኮፕ ለኮምፒውተር ተሰጠ። በ1993 ሥራ የጀመረው ይህ የ10 ሜትር መስታወት 36 ቁራጮች አሉት፤ አቀማመጣቸውም በሰከንድ ሁለት ጊዜ፣ በጥቂት ናኖሜትር ልክ ይታረማል።

ለእኛ ግን የሚቀርበው ምሳሌ በ2005 የተመረቀው የደቡብ አፍሪካው የሰዘርላንድ ቴሌስኮፕ ነው። 91 ቁራጮቹ የሉል ገጽ ስላላቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ለመሥራትም ለመተካትም ይቀላሉ። ይህ ቅለት ዋጋ አለው። የሉል ገጽ ብርሃንን በአንድ ነጥብ ስለማይሰበስብ አራት መስታወት ያለው ማረሚያ ያስፈልጋል። ቴሌስኮፑ ከተመረቀ በኋላ የታየው የምስል ጉድለት ምንጩ ከዚሁ ማረሚያ ሆኖ ተገኘ። ለማስተካከል ዓመታት ፈጀ፤ ጉድለቱን ተከታትለው ያረሙትም እዚያው የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ከዚህ የምደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው። መስታወትን መከፋፈል ችግሩን አያስወግደውም፤ ከማቅለጫው ምድጃ ወደ አስተካካዩ እጅ ያዛውረዋል እንጂ። ቤተ ጊዮርጊስ ተፈልፍሎ ሲያበቃ ቅርጹ ለዘለቄታው ተወሰነ። የቁራጮች መስታወት ግን ዕለት ዕለት እንደ አዲስ አንድ መደረግ አለበት። ያን የሚያደርግ ሰው ከሌለ ተራራው ላይ የሚቀረው የመስታወት ክምር ነው።

ስለዚህ ለአቡነ ዮሴፍ የሚሆነው መስታወት ከመታዘዙ በፊት፣ መስታወት የሚሞርዱ፣ የሚለብጡ፣ የሚለኩና የሚያስተካክሉ ወጣቶች በዩኒቨርሲቲዎቻችን ወርክሾፖች ይሠልጥኑ እላለሁ። ሥራው በሰባት ትናንሽ ቁራጮች ሊጀመር ይችላል፤ አንዷ በመካከል፣ ስድስቱ በዙሪያዋ። ሰባቱን የአንዲት ኮከብ ብርሃን በአንድ ነጥብ እንዲጥሉ ያደረገ ተማሪ፣ የትልቁን ሥራ ዋና ችግር በእጁ ነክቶታል።