የፀደይ አበባ ራሶችን በሣር ውስጥ ማላመድ

የፀደይ አበባ ራሶችን በሣር ውስጥ ማላመድ እንደ ዳፎዲል፣ ክሮከስና ስኖውድሮፕ ያሉ አበቦችን በሣር መካከል ተክሎ ሳይነቀሉ በየዓመቱ እየተራቡ እንዲያብቡ የማድረግ የአትክልተኝነት ዘዴ ነው። «ራስ» የሚባለው እንደ ሽንኩርት ከአፈር ሥር የሚገኝ የተክሉ የምግብ ማከማቻ ነው። የዳፎዲል ራስ ተደራራቢ ሽፋን ሲኖረው የክሮከስ ግን ድፍን ነው።

ታሪክ

ዘዴውን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ትውልደ አየርላንዳዊው አትክልተኛና ጸሐፊ ዊሊያም ሮቢንሰን (1838–1935 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ዋይልድ ጋርደን» በተሰኘው መጽሐፍ፣ ጠንካራ ተክሎች ያለ ብዙ እንክብካቤ እንደ ዱር አበባ እንዲያድጉ መክሯል። በእንግሊዝ አገር በሚገኘው ግሬቭታይ ማነር በተባለው ርስቱም ብዙ ሺህ ዳፎዲሎችን በሣር ውስጥ ተክሏል።

የአበቦቹ የሕይወት ዑደት

እነዚህ አበቦች የሚያብቡት ሣሩ ከመርዘሙና ዛፎች ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት ነው። ቅጠላቸው በፀሐይ ብርሃን የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ ራሱ ወርዶ ለቀጣዩ ዓመት አበባ ይጠራቀማል። በበጋ ቅጠሉ ይደርቅና ራሱ ከአፈር ሥር ያርፋል። አብዛኞቹ በደንብ ለማበብ ለሳምንታት የሚቆይ ቅዝቃዜ ያስፈልጋቸዋል። በዚህም ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ሞቃት በሆኑ ቦታዎች በሣር ውስጥ ሊላመዱ አይችሉም።

አተካከል

ራሶቹ የሚተከሉት ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ነው። የተፈጥሮ መልክ እንዲኖራቸው በእጅ ተበትነው በወደቁበት ቦታ ይተከላሉ። የጉድጓዱ ጥልቀት የራሱን ቁመት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል፤ ሹል ጫፉም ወደ ላይ ይደረጋል። ለትናንሽ ራሶች ሣሩን ከነሥሩ በሦስት ጎን ቆርጦ መግለጥ፣ ራሶቹን ደርድሮ መልሶ መሸፈን ይቀላል።

የሣር አጨዳ

የዘዴው ስኬት በአብዛኛው በአጨዳው ጊዜ ይወሰናል። አበባው ከረገፈ በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ሳይሞላ ሣሩ ከታጨደ ራሱ በቂ ምግብ አያከማችም፤ ይህ ሲደጋገም ተክሉ ቅጠል ብቻ እያወጣ ቀስ በቀስ ይጠፋል። በዘር እንዲራቡ የሚፈለጉት ደግሞ ዘራቸው እስኪበስል መቆየት አለባቸው። የታጨደው ሣር ከቦታው ይነሣል፤ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም አይጨመርም። አፈሩ ከለማ ሣሩ በርትቶ አበቦቹን ያፍናልና።

በእንግሊዝ አገር ክሪክሌድ ከተማ አጠገብ ባለው ኖርዝ ሜዶው የፍሪቲላሪያ አበባ በዱር በብዛት ይገኛል። በዚያ ሣሩ የሚታጨደው ዘሩ ከበሰለ በኋላ በበጋ ሲሆን ከዚያም ከብቶች ይሰማሩበታል።

ተስማሚ ዝርያዎች

ለአጭር ሣር ክሮከስና ስኖውድሮፕ፣ ለረጅም ሣር ዳፎዲልና ካማሲያ፣ ለእርጥብ መስክ ፍሪቲላሪያ ይመረጣሉ። አብዛኞቹ የተዳቀሉ ቱሊፖች ግን በሣር ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይመነምናሉ።

ጥንቃቄ

የዳፎዲል ራስ ሽንኩርት ቢመስልም ላይኮሪን የተባለ መርዝ ስላለው ከተበላ ማስታወክና የሆድ ሕመም ያስከትላል። ስለዚህ ከምግብ ሽንኩርት ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል።