‹‹ሒሳብ አልችልም›› የሚሉ ሒሳብ የሚችሉ ተማሪዎች

በአንድ የግል ኮሌጅ በማታው መርሐ ግብር ስታቲስቲክስ ለበርካታ ዓመታት አስተምሬያለሁ፡፡ ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ቀኑን ሥራ ላይ ውለው፣ ታክሲ ተጋፍተው፣ ደክሟቸው የሚመጡ ባለትዳሮችና የልጆች ወላጆች ነበሩ፡፡ ከእነርሱ አንዷ በባንክ ካሸርነት ትሠራ ነበር፡፡ ቀኑን ሙሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ስትቀበል፣ ስትከፍልና ስታወራርድ የምትውል ሴት፣ ማታ ሰሌዳው ላይ የመቶኛ ጥያቄ ስጽፍ ዓይኗን ከደብተሯ ቀና አታደርግም፡፡

አንድ ምሽት ወደ ሰሌዳው ጠራኋት፡፡ ጠመኔውን ይዛ ቆመች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፡፡ እኔም ነገሩን ቀለል ያደረግሁ መስሎኝ ‹‹ይኼን እኮ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል›› አልኩ፡፡ ክፍሉ በሳቅ ሞላ፡፡ በማግሥቱ አልመጣችም፡፡ በሳምንቱ ኮርሱን ድሮፕ ማድረጓን ሰማሁ፡፡

በወቅቱ ‹‹ደካማ ተማሪ ናት›› ብዬ ነገሩን ዘጋሁት፡፡ ቆይቼ ሳነብ ግን ያየሁት ድክመት ሳይሆን ስም የወጣለት፣ ለብዙ ዓመታት የተጠና ችግር መሆኑን ተረዳሁ፡፡ ይህ ጽሑፍም የሒሳብ ፍርሃት ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና ምን ማድረግ እንደሚቻል ባጭሩ ይዳስሳል፡፡

የሒሳብ ፍርሃት ምንድን ነው?

የሒሳብ ፍርሃት ማለት አንድ ሰው ከቁጥር ጋር ሲገናኝ፣ ወይም ሊገናኝ መሆኑን ሲያስብ የሚሰማው ውጥረት፣ ጭንቀትና የመሸሽ ፍላጎት ነው፡፡ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ ትናንት የተጠናው ነገር ከአዕምሮ ይጠፋል፡፡ ከአዕምሮ ችሎታ ማነስ ጋር አንድ አይደለም፡፡ ዲስካልኩሊያ ከሚባለው፣ ቁጥርን ከመሠረቱ ለመረዳት ከሚያስቸግረው የመማር እክልም ይለያል፡፡

ጉዳዩ በምሁራን ዘንድ መነሳት ከጀመረ ቆይቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1957 ድሬገርና አይከን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ‹‹የቁጥር ጭንቀት›› ብለው በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ አጠኑት፡፡ በ1972 ደግሞ ሪቻርድሰንና ሱይን 98 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አዘጋጁ፡፡ በ1978 ሺላ ቶቢያስ የሒሳብ ፍርሃትን ስለማሸነፍ የጻፈችው መጽሐፍ ጉዳዩን ከዩኒቨርሲቲ አጥር አውጥቶ ለሕዝብ አደረሰው፡፡

ችግሩ የጥቂቶች አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 ፒዛ በመባል በሚታወቀው ዓለም አቀፍ ምዘና፣ በበለፀጉት የኦኢሲዲ አባል አገሮች ከተጠየቁት የ15 ዓመት ተማሪዎች 59 በመቶ የሚሆኑት የሒሳብ ትምህርት ይከብደኛል ብለው ብዙ ጊዜ እንደሚሠጉ ተናግረዋል፡፡ የተሟላ መጽሐፍና መምህር ያላቸው ልጆች እንዲህ ካሉ የእኛዎቹን መገመት አያዳግትም፡፡

በአዕምሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

47ን በ6 በቃላችን እናባዛ፡፡ 6 ጊዜ 7፣ 42 ብለን 2ን እናስቀምጥና 4ን እንይዛለን፤ 6 ጊዜ 4፣ 24 ብለን የያዝነውን 4 እንጨምራለን፤ 282 ይመጣል፡፡ ያንን 4 ለአፍታ ይዘን የቆየንበት የአዕምሮ ክፍል ‹‹የሥራ ትውስታ›› ይባላል፡፡ ቦታው ጠባብ ነው፡፡ ‹‹ብሳሳት ይስቁብኛል››፣ ‹‹ሰዓቱ እየሄደ ነው›› የሚለው ሐሳብ ሲገባበት ለስሌቱ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል፡፡

አሽክራፍትና ከርክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ይህንኑ ፈትሸዋል፡፡ ተማሪዎች የተወሰኑ ፊደላትን በአዕምሯቸው እንደያዙ የመደመር ጥያቄ እንዲሠሩ ተደረገ፡፡ መያዝ የሌለበት ቀላል ድምር ላይ ፈሪዎቹና ደፋሮቹ ብዙም አልተለያዩም፡፡ ድምሩ መያዝ የሚጠይቅ፣ የሚታወሱት ፊደላትም የበዙ ሲሆን ግን የፈሪዎቹ ስህተት በእጅጉ ጨመረ፡፡ ችሎታቸው ያው ነው፤ መሥሪያ ቦታቸው ግን በፍርሃት ተይዟል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2012 ላየንስና ቤይሎክ ያወጡት ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፡፡ ሒሳብ በሚፈሩ ሰዎች ላይ ከአካል ሕመም ስሜት ጋር የተያያዙ የአዕምሮ ክፍሎች ሲነቃቁ ታይቷል፡፡ የተነቃቁት ግን ሒሳቡን ሲሠሩ ሳይሆን ሊሠሩ ሲጠብቁ ነው፡፡ ከመቀመጫዋ ተነስታ እስከ ሰሌዳው የተራመደቻት ያቺ ተማሪ ትዝ ያለችኝ ይህንን ሳነብ ነው፡፡

ከየት ይመጣል?

ማንም ሰው ሒሳብን ፈርቶ አይወለድም፡፡ ፍርሃቱ የሚዘራው በክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴም በቤት ውስጥ ነው፡፡ ማባዣ ሲሳሳት በአርጩሜ የተመታ ልጅ፣ ‹‹ቶሎ በል!›› እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ወላጁ ‹‹እኔም ሒሳብ አልሆነልኝም ነበር፤ የዘር ነው›› ሲል የሰማ ልጅ ፍርሃቱን ይዞት ኮሌጅ ይገባል፡፡

መምህራንም የድርሻችንን እናዋጣለን፡፡ ሄምብሪ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 በ151 ጥናቶች ላይ ባደረገው ግምገማ፣ ከኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ከፍተኛው የሒሳብ ፍርሃት የታየው ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት በሚሠለጥኑት ላይ ነው፡፡ ቤይሎክና ባልደረቦቿ በ2010 ባወጡት ጥናት ደግሞ ሒሳብ የሚፈሩ ሴት መምህራን ያስተማሯቸው ሴት ልጆች፣ ‹‹ሒሳብ የወንድ ነው›› የሚለውን እምነት ሲቀበሉ በሒሳብ ውጤታቸው ዝቅ ብለው ተገኝተዋል፡፡ ፍርሃት ይወረሳል ማለት ነው፤ የሚወረሰው ግን በደም ብቻ ሳይሆን በትምህርትም ነው፡፡

በአገራችን የራሱ ተጨማሪ ምክንያቶች አሉት፡፡ ‹‹ክፍልፋይ››ን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ከፍ ሲል ‹‹ፍራክሽን›› ሲባል እንደ አዲስ ይደናገራል፡፡ ቋንቋው የጋረደበትን ‹‹ሒሳብ አልገባኝም›› ብሎ ይመዘግበዋል፡፡ ‹‹ሶሻል ብገባ ከሒሳብ እገላገላለሁ›› ብሎ መስክ የሚመርጠውም ብዙ ነው፡፡ ነገር ግን አይገላገልም፡፡ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ያገኘዋል፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተመለሰው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርትም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይጠብቀዋል፡፡

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዙር ፈተና ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ ይህንን ውጤት ፍርሃት አመጣው እያልኩ አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፡፡ ነገር ግን ‹‹ወደቅሁ›› ብሎ ወደ ማካካሻ ትምህርት ወይም ወደ ኮሌጅ የሚመጣ ወጣት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፍርሃቱን ተሸክሞ እንደሚቀመጥ ማወቅ ይገባናል፡፡

ምን ይደረግ?

ደስ የሚለው ነገር ፍርሃቱ የሚቀንስ መሆኑ ነው፡፡ ሄምብሪ በዚያው ግምገማው ፍርሃታቸው በተገቢ እገዛ የቀነሰላቸው ተማሪዎች ውጤታቸውም መሻሻሉን ጽፏል፡፡

ለተማሪዎች የምመክረው የመጀመሪያው ነገር ብቻ አለማጥናትን ነው፡፡ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ መምህር በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መርምሮ ነበር፡፡ ስንፍና አላገኘም፡፡ ያገኘው ለየብቻቸው ማጥናታቸውን ነው፤ የተሳካላቸው የቻይና ተወላጆች ግን በቡድን ሆነው ይሠሩ፣ ይከራከሩ፣ ይተራረሙ ነበር፡፡ ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን በጋራ የሚሠሩበት ወርክሾፕ ሲያቋቁምላቸው ውጤታቸው በግልጽ ተሻሻለ፡፡ ሌላው ሲሳሳት ያየ ተማሪ የእርሱም ስህተት እንደማያዋርደው ይማራል፡፡

ሁለተኛ፣ ወደኋላ ተመልሶ የጎደለውን መሙላት አያሳፍርም፡፡ ክፍልፋይና መቶኛ ያልጠራለት ተማሪ ስታቲስቲክስ ቢከብደው አይደንቅም፡፡ ሦስተኛ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መሥራት ከፈተናው ዋዜማ አዳር ይሻላል፡፡ መደጋገም ሲያለምደው ሥራው ቦታ አይፈጅም፡፡ ከፈተና በፊት ለአሥር ደቂቃ ጭንቀትን በወረቀት መጻፍ ይጠቅማል የሚል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ ነበር፤ በ2018 ሌሎች ሲደግሙት ግን ተመሳሳይ ውጤት አልተገኘም፡፡ ስለዚህ የሚሞክረው ይሞክረው እንጂ ልምምድን አይተካም፡፡

ለእኛ ለመምህራን የሚበጀው ደግሞ ቀላል ነው፡፡ ፍጥነትን ከችሎታ አንለይ ይሆን? ለኩዊዝ የምንሰጠው ሰዓት ይበቃል? የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ‹‹እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪኝ›› እንላለን ወይስ ወደ ቀጣዩ ተማሪ እንዞራለን? እኔ ሰሌዳ ላይ በስም መጥራት ትቻለሁ፡፡ በሦስት በሦስት ተቀምጠው እንዲሠሩ አደርግና በመካከላቸው እዞራለሁ፡፡ ቀድሞ አፍ አውጥተው የማያውቁ ተማሪዎች መጠየቅ ጀምረዋል፡፡

ያቺን ተማሪ ከሁለት ዓመት በኋላ የኮሌጁ ኮሪደር ላይ አገኘኋት፡፡ በትህትና ሰላም ካለችኝ በኋላ ‹‹ቲቸር፣ ለመመረቅ የቀረኝ ስታቲስቲክስ ብቻ ነው፤ ሌላ መምህር የሚያስተምርበት ሴክሽን ይኖር ይሆን?›› አለችኝ፡፡ ይቅርታ ጠየቅኋት፡፡ ‹‹ኧረ ምንም አይደለም›› አለች፤ ነገር ግን ጥያቄዋን አላነሳችም፡፡ ሴክሽን እንዳለ ነገርኳት፡፡ እዚያ ተመዝግባ፣ ኮርሱን አልፋ ተመረቀች፡፡

ሒሳቡን ትችለው ነበር፡፡ ያልቻለችው እኔን ነበር፡፡