በቃል የተለወጠ ርስት

በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ዩኮን በተባለው ግዛት፣ ኦጊልቪ፣ ብላክስቶን፣ ሃርት፣ ዊንድ፣ ቦኔት ፕሉምና ስኔክ የተባሉት ስድስት ወንዞች ከየተራራው ወርደው ፒል የተባለውን ወንዝ ይመግቡታል፤ ፒልም ከታላቁ ከማኬንዚ ጋር ተቀላቅሎ ወደ በረዶው ውቅያኖስ ይወርዳል። ተፋሰሱ ከ67,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ከተማ ያልተቆረቆረበት፣ ከአንድ አውራ ጎዳና በቀር መኪና የሚያልፍበት መንገድ የሌለው፣ ካሪቡ የተባለው የብርድ አገር አጋዘን የበረዶውን ወራት በመንጋ የሚያሳልፍበት ምድረ በዳ ነው። ምድረ በዳ ማለቴ ግን ከውጭ ለሚመለከተው ነው፤ ለግዊቺንና ለጎረቤቶቹ ሕዝቦች እያንዳንዱ ገባር ስም ያለው፣ እያንዳንዱ ማለፊያ ከአበው የተረከቡት መንገድ ነውና።

የዚህን ዕውቀት ዋጋ የካናዳ ፖሊሶች በሕይወታቸው ከፍለው ተምረውታል። በታኅሣሥ 1910 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ፊትዝጄራልድ የተባለው መኰንን ሦስት ሰዎች አስከትሎ ከፎርት ማክፈርሰን ወደ ዶውሰን በውሻ ተንሸራታች ተነሣ። መንገድ የመራው ኢሶ ጆርጅ የተባለ የግዊቺን ተወላጅ ነበር፤ መኰንኑ ግን በአዲሱ ዓመት በመጀመሪያው ቀን ሒሳቡን ሰጥቶ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ መታጠፍ የሚገባቸውን አንድ ወንዝ ሲፈልጉ ቀናት አለፉ፤ ስንቃቸው አልቆ ውሾቻቸውን እየበሉ ወደ ኋላ ቢመለሱም፣ አራቱም ከተነሡበት ሰፈር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሞቱ። በመጋቢት 1911 ሬሳቸውን ያገኘው ዴምፕስተር የተባለው ፖሊስ ነው፤ ከእርሱም ጋር ቻርሊ ስቱዋርት የተባለ የአገሩ ተወላጅ መሪ ነበር። ዛሬ በፒል ምድር የሚያልፈው ያ ብቸኛ ጎዳና በዴምፕስተር ስም ይጠራል። መንገድ የሚሰየመው መንገዱን በሚያውቀው ሳይሆን መዝገቡን በሚጽፈው ስም ነው መሰለኝ።

የይዞታው ክርክር ግን ከዚያም ይቀድማል። በ1896 በክሎንዳይክ ወርቅ ተገኝቶ የሰው ጎርፍ ወደ ዩኮን ከገባ በኋላ፣ ጂም ቦስ የተባለው የላበርዥ ሐይቅ አካባቢ ሕዝብ አለቃ በ1902 በጠበቃ እጅ ወደ ኦታዋ ደብዳቤ አስጽፎ፣ ስለተወሰደው መሬትና ስለተመናመነው አደን ካሣ ጠየቀ። የጠየቀውን አላገኘም፤ ጥያቄው ግን ሰባ ዓመት ሙሉ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ አፍ ሲዘዋወር ኖረ። በየካቲት 1973 ኤላይጃ ስሚዝ የዩኮንን አለቆች አስከትሎ ኦታዋ ገባና፣ «ዛሬ በአንድነት፣ ስለ ነገ ልጆቻችን» የሚል ትርጓሜ ያለውን ሰነድ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፒየር ትሩዶ አቀረበ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቶማስ በርገር የተባለ ጠበቃ በተከራከረበት የኒስጋ ሕዝብ ጉዳይ፣ የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት በሕግ ፊት የሚታወቅ ነገር መሆኑን የሚያመለክት ብያኔ ሰጥቶ ነበርና፣ መንግሥት ጆሮውን ሊደፍን አልቻለም።

ድርድሩ ሃያ ዓመት ፈጀ። በ1993 የተፈረመው ጠቅላይ ስምምነት፣ በእርሱም ላይ ተመሥርተው የናቾ ናያክ ደንና የቩንቱት ግዊቺን ሕዝቦች በዚያው ዓመት፣ ትሮንደክ ህወችን ደግሞ በ1998 የተዋዋሉት ኪዳን፣ ርስት ለሚለው ቃል ክብደት የሚሰጥ የአገራችን አንባቢ ቆም ብሎ ሊያጤነው የሚገባ ነገር በውስጡ ይዟል። በጠቅላላው ስምምነት ለዩኮን ነባር ሕዝቦች በይዞታነት የተመደበው 41,595 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ይኸውም ከግዛቱ ከመቶ ዘጠኝ እጅ የማይሞላ ነበር፤ በፒል ተፋሰስማ ከመቶ 97 ያህሉ ከይዞታቸው ውጭ ሆኖ ቀረ። በዚያ ሁሉ ምድር ላይ የነበራቸውን ወሰን የሌለው የአበው መብት ትተው በምትኩ የተቀበሉት ገንዘብና የአደን መብት ብቻ አይደለም፤ ምድሩ ለምን ይዋል በሚለው ምክር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በሥርዐት የመሰማት መብት ነው። ይህም በስምምነቱ ምዕራፍ 11 በዝርዝር ተጽፏል፤ የካናዳ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 እንዲህ ያለውን ኪዳን አጽንቶታል። እንግዲህ ርስቱ በቃል ተለወጠ፤ ቃሉ ከታጠፈም የርስቱ ዋጋ ተመልሶ ተወሰደ ማለት ነው።

በ2004 የፒል ተፋሰስ ዕቅድ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሽማግሌዎችን፣ አዳኞችን፣ የማዕድን ሰዎችንና ሊቃውንትን እየሰማ ሲሠራ ቆይቶ በ2009 መጨረሻ የመጀመሪያውን ምክረ ሐሳብ አቀረበ። የዩኮን መንግሥት በ2011 መጀመሪያ የሰጠው መልስ ግን፣ በጥበቃና በልማት መካከል ይበልጥ ሚዛን ይኑር፣ የመግቢያ መንገድም ይታሰብ የሚል፣ የትኛው ሸለቆ፣ የትኛው ወንዝ፣ ምን ያህል ብሎ የማይዘረዝር ነበር። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ሐምሌ የመጨረሻውን ዕቅድ አወጣ፦ ከመቶ 80 እጁ እንዲጠበቅ፣ ከዚህም 55ቱ ለዘለቄታው፣ 25ቱ ለጊዜው። መንግሥት ግን ምክሩ ካለቀ በኋላ የራሱን ካርታ አውጥቶ በጥር 2014 አጸደቀ፤ ሒሳቡም ተገልብጦ 71 እጁ ለማዕድን ክፍት፣ የሚጠበቀው 29 ብቻ ሆነ።

ሁለቱ ነባር ሕዝቦች፣ ናቾ ናያክ ደንና ትሮንደክ ህወችን፣ ከሁለት የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት ጋር ሆነው ከሰሱ፤ ጠበቃቸውም ያው በርገር፣ አሁን ዕድሜው ሰማንያን ያለፈ፣ ነበር። ዳኛ ቪል በ2014 የመንግሥትን ዕቅድ ሻረ። የይግባኙ ችሎት ዕቅዱ መሻሩን ቢቀበልም፣ ነገሩን ወደ 2011 መልሶ መንግሥት ያልተናገረውን አሁን እንዲናገር ፈቀደለት፤ ይህም በእኔ ግምት በሽምግልና ዝም ብሎ የቆየ ሰው ዕርቁ ካለቀ በኋላ ነገር እንዲጨምር እንደ መፍቀድ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1 ቀን 2017፣ ዳኛ ካራካትሳኒስ በጻፉት የአንድ ድምፅ ብያኔ፣ ይህን በር ዘጋው፤ በመጨረሻው ደረጃ መንግሥት ሊያሻሽል የሚችለው አስቀድሞ በምክሩ ያነሣውን ነገር ነው አለ፤ ጉዳዩም ወደ መጨረሻው የምክክር ደረጃ ተመለሰ። ዕቅዱ ምን መሆን እንዳለበት ግን ፍርድ ቤቱ አልወሰነም፤ ኪዳን የገቡት ተነጋግረው ይጨርሱት ብሎ ተወላቸው።

ተነጋግረውም ጨረሱት። በነሐሴ 22 ቀን 2019 ሜዮ በምትባለው ትንሽ መንደር የዩኮን መንግሥትና አራት የነባር ሕዝቦች ወገኖች በዕቅዱ ላይ ፈረሙ፦ 83 እጁ የተጠበቀ፣ ከዚያም 55ቱ ለዘለቄታው። የቀረው 28 እጅ ለጊዜው ብቻ ከማዕድን ተከልሏልና፣ ዕቅዱ በሚመረመርበት ጊዜ ልጆቻቸው እንደገና በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ።