ከስናድር እስከ ክላሽ፦ የጦርነት ትርፍና የወግዲ ድኩላ

ባለፈው ሳምንት የዓድዋን ምዕራፍ ጨርሼ ጥያቄ ያለው ስል አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ አያቴ ውጅግራ ነበረው ይላሉ። ግን ድኩላ ነው ይገድልበት የነበረው። ጣሊያንን ያሸነፍንበት ጠመንጃ እንዴት የድኩላ ሆነ?" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ደወል ስለተደወለም በቅጡ ሳልመልስለት ወጣሁ። መልሱን ዛሬ ልጻፈው፤ እሱም ያነበዋል፣ እናንተም አስተያየት ትሰጡበታላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ሲመጡ ስናድር የሚባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። የአጼ ቴዎድሮስ ሰው ከአፈሙዙ እየጠቀጠቀ አንዴ እስኪተኩስ እነሱ ደጋግመው ይተኩሳሉ። አሮጌ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ስናድር ራሱ ግን አዲስ ጠመንጃ አልነበረም፤ እንግሊዞች አሮጌውን ኤንፊልድ ቆርጠው፣ ከኋላው ከፍተው የሠሩት ነው። በኋላ እነሱ የተሻለ ሲያገኙ ስናድርም ተሻረና በየአገሩ ተሸጠ። እኛም ጋ ደረሰ፤ ስሙም ሳይለወጥ ቀረ።

የውጅግራም ታሪክ እንደዚሁ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ግራ በሚባል መኮንን ስም የተጠራ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። "ፉዚል ግራ" ይሉታል፤ የእኛ ሰው ውጅግራ አለው። በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩሰው ለበል ሲመጣ ግን ውጅግራ ባንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። የአውሮፓ ጦር ሁሉ ጠመንጃ ሲቀይር አሮጌው መጋዘን ሞላ። ነጋዴው ደግሞ መውጫ ፈልጎ በታጁራ፣ በኦቦክ፣ በጅቡቲ በኩል በግመል ጭኖ ወደኛ አመጣው። ታዋቂው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ትቶ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ገብቷል። እሱ ያመጣው ደግሞ ከውጅግራም የባሰ አሮጌ ነበር።

ዓድዋ ላይ ከተተኮሰው ብዙው እንዲህ ያለ ሰው የጣለው ጠመንጃ ነው። የሚገርመው ጣሊያንም ያን ቀን አብዛኛው ወታደሩ የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። አዲሱ ካርካኖ ከወጣ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ግን የአሮጌው ጥይት ይለቅ ተባለ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ጠመንጃው ወደ ወታደሩ ቤት ገባ። የእኛ ወታደር ደግሞ ገበሬ ነው። በሠርግ ይተኩሰዋል፣ በለቅሶ ይተኩሰዋል፣ ማሳውን ከጦጣና ከከርከሮ ይጠብቅበታል፣ ሲመቸው ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ድኩላና ሚዳቋ ያድንበታል። ልጄ፣ የጥያቄህ የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነው። ጦርነት የተረፈውን ብረት ለጫካው ያወርሳል።

ሁለተኛው መልስ ግን ከባድ ነው። እሱን ለመንገር ቤቴ መግባት ግድ ይለኛል።

አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ጥይት ውድ ነበር። እንደውም በአንዳንድ የአገራችን ገበያ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ አያቴ አንድ ቀለህ ሲያወጡ ጨው እንደሚያወጡ ነበር የሚቆጥሩት። ከሳሳ በኋላ፣ ነፋሱን ለይተው፣ ድኩላው ውሃ ሊጠጣ የሚወርድበትን አውቀው፣ ቅርብ እስኪሆን ይጠብቃሉ። አንዴ ከተኮሱ ጭሱ ፊታቸውን ይሸፍነዋል፤ ሌላ እስኪያጎርሱ ድኩላው ገደል ገብቷል። እና ካላመኑበት አይተኩሱም።

ደግሞ የወሎን ነገር ታውቃላችሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ታርዶ ያልደማ ሥጋ አይበላም። ድኩላው ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ ካልደረሰለት ጥንብ ነው። ስለዚህ አዳኝ የሚባለው ባለበት የሚጥል እንጂ የሚያቆስል አልነበረም። አቁስሎ የሰደደ ሰው ቡና ላይ ወሬው አያልቅም።

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ ስድስት ጥይት የሚይዘው የጣሊያን ካርካኖ በየገበሬው እጅ ገባ። አምስት የሚይዙት ምንሽርና በልጅግም ነበሩ። ከዚያ በደርግ ጊዜ ክላሽ መጣ። 1983 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሠራዊት ሲበተን ወታደሩ ክላሹን ይዞ አገሩ ገባ። ሠላሳ ጥይት በአንድ ካዝና።

እኔ አሥር ዓመት ገደማ ሆኜ አጎቴን ተከትዬ ቆላ ወረድኩ። ድኩላው ማዶ ነበር፤ ሩቅ ነው። አያቴ ቢሆኑ አይተኩሱም። አጎቴ ግን ደርድሮ ለቀቀው፤ ስድስት ይሁን ሰባት አልቆጠርኩም። ድኩላው ዘለለ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ገደሉን ይዞ ጠፋ። ደሙን እየተከተልን ሄድን፤ መሸብን። በማግስቱ ስንሄድ ጅብ ጨርሶታል፤ ቀንዱንና ትንሽ ቆዳ አገኘን። ማታ አያቴ ነገሩን ሰሙና እሳቱን እየቆሰቆሱ "አንድ ጥይት ያለው ሰው ዓይን ነበረው" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

የጦር ጥይት እንዲህ የሚያደርግበት ምክንያት በኋላ በንባብ ነው የገባኝ። በ1899 እ.ኤ.አ. ሄግ ላይ መንግሥታት ተሰብስበው፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ ተስማሙ፤ ሰው ላይ ግፍ ነው ተብሎ። ስለዚህ የጦር ጥይት እርሳሱ ሙሉ በሙሉ ጠንካራ ብረት ለብሶ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ በስቶ ያልፋል። ለአደን ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ እንስሳው ሳይሰቃይ ባለበት እንዲወድቅ የሚሰፋ ጥይት ነው የሚተኮሰው። ለሰው ምሕረት ተብሎ የተሠራው ጥይት ለድኩላ ስቃይ ሆነ ማለት ነው።

"አሜሪካኖችስ በአሮጌ የጦር ጠመንጃ አጋዘን ያድኑ የለም ወይ?" የሚል ይኖራል። አዎ፣ ያድናሉ። ከሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የተረፈው ጠመንጃ እዚያ በርካሽ ተሽጧል። እንደውም በቅርብ ዓመታት ከእኛው አገር መጋዘን የወጡ ውጅግራና ካርካኖዎች አሜሪካ ተወስደው ለሰብሳቢና ለአዳኝ ተቸርችረዋል። ግን እዚያ በብዙ ስቴቶች ብረት የለበሰ የጦር ጥይት ለአጋዘን ክልክል ነው። ፈቃድ አለ፣ ወቅት አለ፣ ቁጥር አለ። ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰብ ታክስ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዶ የነበረው አጋዘናቸው ዛሬ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የተለየው ሥርዓቱ ነው።

ሕግስ እኛም ጋ አልጠፋም። አደንን የሚገድበው አዋጅ ቁጥር 61 በ1936 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የዱር እንስሳት አዋጅ 541 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። መካነ ሰላም አጠገብ የደንቆሮ ጫካ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ሰስና የምኒልክ ድኩላ አሉበት። ከፓርኩ ውጭ ባለው ቆላችን ግን የያዘን ሕግ ሳይሆን የጥይት ውድነት ነበር። ጥይቱ ሲበዛ ያም ልጓም ተፈታ። እርሻውና ከሰሉም የድርሻቸውን ወስደዋል፤ ሁሉንም በክላሽ ማላከክ አልችልም። ግን ያን ቀን ክፍሉን "ድኩላ በዓይናችሁ ያያችሁ?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ስንት እጅ እንደሚወጣ እኔም እናንተም እናውቃለን። የክላሽ ድምፅ የማያውቅ ግን አንድም የለም።

የአያቴ ውጅግራ አሁንም ቤት አለ፤ ጥይት ከጠፋው ቆየ። አጎቴ እንሽጠው ይላል። እኔ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ለጀግንነቱ ብቻ አይደለም፤ ልጆቼ አንድ ጥይት ብቻ ያለው ሰው እንዴት እንደሚያስብ እንዲጠይቁኝ ነው።

የእናንተ አያት ምን ነበራቸው? ስናድር? ምንሽር? በልጅግ? ስሙንና የምታስታውሱትን ከታች ጻፉልኝ። ቁጥሩንና ያለበትን ቦታ አትጻፉ፤ ታሪኩን ብቻ። ለክፍሌ ላነበው ነው።

ሰላም ለአገራችን።